ሰርቨሩ የወንድም፣ ስሙ የእህት፦ የአንድ ቶር ሪሌይ ጉዳይ ከጅማ

አንዲት የጅማ ልጅ ጀርመን አገር ትኖራለች። አረጋውያን በሚጦሩበት ተቋም ተቀጥራ ትሠራለች። አንድ ቀን ከፖሊስ ደብዳቤ መጣላት። ተጠርጣሪ ነሽ ይላል። ጉዳዩ የኮምፒዩተር ማጭበርበር ነው። አንድ ሰው በሌላ ሰው ስም ከኦንላይን ሱቅ ዕቃ አዝዟል። ትእዛዙ የወጣበት አይፒ አድራሻ፣ ማለትም አንድ ኮምፒዩተር በኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበት ቁጥር፣ ደግሞ በእሷ ስም የተከራየ ሰርቨር ነው።

ልጅቷ ሰርቨር የሚባል ነገር በእጇ ነክታ አታውቅም። ሰርቨሩ የታናሽ ወንድሟ ነው። ወንድሟ እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ አካባቢ፣ ትንሽ ሱቅ ይዞ ኮምፒዩተር ይጠግናል። ከኢትዮጵያ ሆኖ በየወሩ በዩሮ መክፈል አልሆንልህ ሲለው “ለሥራ መለማመጃ ነው፣ በካርድሽ ክፈይልኝ” አላት። ከፈለችለት። ስሟን፣ አድራሻዋንና ኢሜይሏን ሞላች። ከዚያ በኋላ ነገሩን ረሳችው።

እኔ ጅማ ውስጥ ጠበቃ ነኝ። ጉዳዩ ወደ እኔ የመጣው በወንድሟ በኩል ነው። ቤተሰቡ እንድጽፈው ፈቅዶልኛል። ስማቸውን፣ ልጅቷ የምትኖርበትን ከተማና ሰርቨሩን ያከራየውን ድርጅት ትቻለሁ። የምጽፈው ደግሞ ብዙ ወጣቶች በዚሁ መንገድ እየሄዱ እንደሆነ ስለማይ ነው። በቶር ሪሌይ ሥራ ፖሊስ የሚያንኳኳው በሥራው የሚያምነውን ሰው በር አይደለም። ውሉ ላይ ስሙ ያለበትን ሰው በር ነው።

ልጁ ምን ነበር የሚሠራው?

በሰርቨሩ ላይ የቶር ሪሌይ ያንቀሳቅስ ነበር። ቶር ሰው ማንነቱ ሳይታወቅ ኢንተርኔት እንዲጠቀም የሚያስችል፣ በበጎ ፈቃደኞች ኮምፒዩተሮች ላይ የሚቆም መረብ ነው። መልእክት የሚያቀባብሉት እነዚህ ኮምፒዩተሮች ሪሌይ ይባላሉ። ሐሳቡ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ ባሕር ኃይል የምርምር ላቦራቶሪ ነው። ሶፍትዌሩ በ2002 ለሕዝብ ተለቀቀ። በ2006 ደግሞ ቶር ፕሮጀክት የሚባል ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ተቋቋመለት። አንድ ሰው በቶር ወደ አንድ ድረ ገጽ ሲገባ መልእክቱ በሦስት ሪሌዮች ያልፋል። የመጀመሪያው ሪሌይ ሰውዬውን ያውቀዋል፣ ወዴት እንደሚሄድ ግን አያውቅም። የመሃሉ ሁለቱንም አያውቅም። የመጨረሻው፣ መውጫ የሚባለው፣ መድረሻውን ያያል፣ መልእክቱ ከማን እንደመጣ ግን አያውቅም።

ጣጣው ያለው መውጫው ላይ ነው። ድረ ገጹ የሚያየው የመውጫውን አይፒ አድራሻ ብቻ ነው። አጭበርባሪ ከሆነ ከጀርባ ያለው፣ መዝገብ ላይ የሚሰፍረው የመውጫው ባለቤት ነው። የጭነት መኪና ሹፌር የታሸገ ጆንያ ጭኖ ኬላ ላይ ሲያዝ እንደሚሆነው ነው። ውስጡን አላየም፣ ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው።

ልጁ ወደዚህ የገባው በወሬ አይደለም። ጂማ ዩኒቨርሲቲ፣ ቂቶ ፉርዲሳ ግቢ ተማሪ ሳለ፣ በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለወራት ታገዱ። ያን ጊዜ ትምህርቱንም ቤተሰቡንም ያገኘው በቶር ነበር። “የማላውቀው ሰው በራሱ ወጪ ባቆመው ሪሌይ አልፌያለሁ። እኔም ለማላውቀው ሰው ላቁም” አለኝ። ይህን ሲል ፊቱ ላይ ያየሁት እምነት የእውነት ነው። ቶር በአገራችን ሲታገድም አዲስ ነገር አይደለም። በግንቦት 2004 ዓ.ም. የመንግሥት ቴሌኮም የመልእክት ፍሰትን ውስጡ ገብቶ በሚመረምር መሣሪያ ቶርን ለይቶ መዝጋቱን ቶር ፕሮጀክት ራሱ ዘግቦ ነበር።

መጀመሪያ የከፈተው የመሃል ሪሌይ ነው። የመሃል ሪሌይ አይፒ በማንም ድረ ገጽ መዝገብ ላይ ስለማይታይ ፖሊስን ያህል ነገር አይጠራም። ለወራት ኮሽ ያለ ነገር አልነበረም። ከዚያ የመውጫ ሪሌዮች ቁጥር ከሌሎቹ በጣም እንደሚያንስ አነበበ። ማዘዣ ፋይሉን ከፍቶ አንድ መስመር ቀየረ፣ ሰርቨሩን እንደገና አስነሳ፣ አለቀ። ለእሱ የአንድ መስመር ለውጥ ነው። ለእህቱ ግን ሕጋዊ አቋሟ ያኔ ተለወጠ፤ እሷ ደግሞ ምንም አልሰማችም።

ያልተነበቡት ኢሜይሎች

ፖሊስ ድንገት አልመጣም። ይህን ሳውቅ ነው ጉዳዩ የበለጠ ያሳዘነኝ።

የመውጫ ሪሌይ ከተከፈተ በኋላ ቅሬታ ይመጣል። ከዚህ አይፒ ላይ የይለፍ ቃል ሊሰብር የሚሞክር አለ፣ ከዚህ አይፒ ላይ ስፓም ወጣ፣ ከዚህ አይፒ ላይ ያለ ፈቃድ ፊልም ተጋራ የሚል ነው። ቅሬታው መጀመሪያ የሚሄደው ሰርቨሩን ወዳከራየው ድርጅት ነው። ድርጅቱ ለደንበኛው ያስተላልፋል፣ በዚህን ያህል ሰዓት ውስጥ መልስ ይላል። አብዛኛው ቅሬታ ከማሽን ለማሽን የተጻፈ ነው። “ይህ የቶር መውጫ ነው፣ የሚያልፈውን አላይም፣ ከፈለጋችሁ የእናንተን አድራሻ ከመውጫዬ ልዝጋላችሁ” የሚል ጨዋ መልስ ከተሰጠ ብዙውን ጊዜ ነገሩ እዚያው ይበርዳል።

ኢሜይሎቹ ግን የሚገቡት ለእህቱ ነበር። ውሉ ላይ ያለው ኢሜይል የእሷ ነዋ! በቴክኒክ ቃላት የታጨቀ ረጅም እንግሊዝኛ። ከማታ ፈረቃ ደክማ ስትገባ የምታየው ነገር ነው። ሌቦች የሚልኩት መስሏት ሰረዘችው። ወንድሟ ደግሞ ቅሬታ አለመምጣቱን እያየ ሥራው ሰላም ነው ብሎ ተቀምጧል። ድርጅቱ መልስ የማይሰጥ ደንበኛ ሆናበታለች። ፖሊስ መጥቶ የባለ አይፒውን ስም ሲጠይቅ ስሟንና አድራሻዋን ሰጠ። መስጠቱ አይገርምም፣ ግዴታው ነው።

ቶር ፕሮጀክት መውጫ ለሚያቆሙ ሰዎች የሚሰጠው ምክር የታወቀ ነው። ከቤት መስመር ላይ አታቁሙ። ለሪሌዩ ብቻ የሚያገለግል አይፒ ያዙ። የአይፒው መጠሪያ ስም ራሱ ቶር መውጫ መሆኑን ይናገር። አይፒውን በብራውዘር የከፈተ ሰው ምን እንደሆነ የሚያስረዳ ገጽ ይታየው። መገናኛ ኢሜይል ጻፉበት። ልጁ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አድርጓል። የመጠሪያ ስሙንና የማብራሪያ ገጹን “በኋላ እሠራዋለሁ” ብሎ ተወው። መርማሪው አይፒውን ሲፈልግ ያገኘው ተራ ቁጥር ብቻ ነበር። አንድ ደቂቃ የሚፈጅ ጽሑፍ ቢኖር ደብዳቤው ወይ ባልመጣ፣ ወይ በሌላ ቃና በመጣ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ደብዳቤው ከመጣ በኋላ

ልጅቷ ያሰበችው ወዲያው ጣቢያ ሄዳ ሁሉንም መናገር ነበር። የእኛ አገር ሰው ጠባይ ነው። ንጹሕ ከሆንኩ ምን ያስፈራኛል ይላል። በስልክ የነገርኳት አጭር ነው። አሁን ቃል አትስጪ፣ እዚያው ያለ የወንጀል ጠበቃ ያዢ። በጀርመን ሕግ ተጠርጣሪ ለፖሊስ መጥሪያ የመቅረብ ግዴታ የለበትም፣ ግዴታ የሚሆነው ዐቃቤ ሕግ ወይም ፍርድ ቤት ሲጠራ ነው። የምርመራ መዝገቡን አይቶ መልስ ለማዘጋጀት ደግሞ የተሻለው ጠበቃ ነው። መዝገቡን ሳያዩ መናገር በጨለማ መናገር ነው። በዚያ ላይ የምታውቀው ነገር ግማሽ ነው። ግማሽ እውቀት ይዞ ለመርማሪ መናገር ንጹሑንም ሰው ዋሾ ያስመስለዋል።

ወንድሟን ደግሞ ሱቁ ድረስ ሄጄ አገኘሁት። ግድግዳው ላይ ባለው መደርደሪያ የደንበኛ ላፕቶፖች ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ላይ በፕላስተር የባለቤቱ ስምና ስልክ ተለጥፏል። የተመራቂ ተማሪ ጥናት ያለበት አለ፣ የአንድ ጸሐፊ የቢሮ ማሽን አለ። ይህን መደርደሪያ አስታውሱልኝ፣ እመለስበታለሁ።

“ጋሼ፣ ሰርቨሩን አሁኑኑ ላጥፋው?” አለኝ።

መውጫነቱን ዝጋ፣ ምንም ነገር ግን አትሰርዝ አልኩት። ምርመራ ከተከፈተ በኋላ ማጥፋት ራሱን የቻለ ጥርጣሬ ይወልዳል። ደግሞ የሚያድናቸው ማስረጃ ሰርቨሩ ውስጥ እንኳ አይደለም። ቶር ፕሮጀክት ኤግዞኔራቶር የሚባል አገልግሎት አለው። አንድ አይፒና አንድ ቀን ታስገባለህ። በዚያ ቀን ወይም ከፊትና ከኋላው ባለው ቀን ያ አይፒ የቶር ሪሌይ እንደነበር፣ መውጫ ይፈቅድ እንደነበርም ጭምር ከሕዝብ መዝገብ ያወጣልሃል። ባለቤቱ ሊያስተካክለው የማይችለው መዝገብ ነው። ዋጋውም እዚያ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ሰዓቱ አስቸገረን። ደብዳቤው ትእዛዙ የተላለፈው በ9ኛው ቀን በ00:20 ነው ይላል፣ በጀርመን የበጋ ሰዓት። የቶር መዝገብ የሚጻፈው ግን በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። ሁለት ሰዓት ስንቀንስ በ8ኛው ቀን 22:20 ሆነ። ልጁ የራሱን ሰርቨር ማስታወሻ የጻፈው ደግሞ በእኛ የሰዓት አቆጣጠር ነው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ20፣ በ9ኛው ቀን። አንድ ቅጽበት፣ ሦስት አጻጻፍ፣ ሁለት ቀን። እንዲሁ ብንልከው ኖሮ መርማሪው “ቀኑ አይገጥምም” ሊል ይችላል። በአንድ ወረቀት ላይ ሦስቱንም ጎን ለጎን አስቀምጠን፣ የ8ኛውንና የ9ኛውን ቀን ውጤት ሁለቱንም አትመን ላክን። የጀርመኑ ጠበቃ ከሁሉም በላይ የወደደው ይህን ወረቀት ነው።

ከዚያ የከበደው ጥያቄ መጣ። ሰርቨሩን የሚያንቀሳቅሰው ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ ምን ይባላል? በጀርመን ሕግ ወንድም በእህት፣ እህት በወንድም ላይ ለመመስከር አይገደዱም። ልጅቷም ተጠርጣሪ ስለሆነች ዝም ማለት መብቷ ነው። ስለዚህ የወንድሟን ስም ሳያነሱ፣ አይፒው የቶር መውጫ ነበር በሚለው ብቻ መከራከር ይቻል ነበር። እኔም ጠበቃውም ይህን አማራጭ አስረድተናል። ልጁ አልተቀበለም። “እሷ ባልበላችው እዳ ስሟ ሲጠራ እኔ እዚህ ተደብቄ አልቀመጥም” አለ። ሰርቨሩን የሚያስተዳድረው እሱ መሆኑን፣ እህቱ ምን እንደሚሠራበት እንዳላወቀች፣ ከየትኛው ቀን ጀምሮ መውጫ እንዳደረገው በጽሑፍ አስቀምጦ ፈረመ። በጽሑፉ ውስጥ ያልሆነ ነገር እንዳይገባ ቃል በቃል አየሁት። በሕግ ዓይን አደጋ ያለው እርምጃ ነበር። አከብረዋለሁ።

አንድ ነገር ግን አስጨንቆኛል። ልጁ ከዚያ በፊት በአንድ የቴሌግራም ግሩፕ “በእኔ ሪሌይ የፈለጋችሁትን አድርጉ፣ ማንም አያገኛችሁም” ብሎ ጽፏል። የወጣት ሞቅታ ነው። ግን የኦስትሪያውን ጉዳይ የሚያውቅ ሰው በዚህ አይቀልድም። በግራትስ ከተማ አንድ የ20 ዓመት ወጣት የቶር መውጫዎች ነበሩት። ፖላንድ ባለው ሰርቨሩ በኩል የሕፃናት ወሲብ ምስል በማለፉ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2012 ቤቱ ተበረበረ፣ ዕቃዎቹ ተወሰዱ። በሰኔ 2014 መጨረሻ ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛ ብሎት በገደብ የታገደ የሦስት ወር እስራት ፈረደበት። እሱን ከጎዱት ነገሮች አንዱ ቀደም ሲል በቻት የጻፋቸው ነገሮች ናቸው፤ ሪሌዩን ለምን እንደሚሠራ እንደ ማሳያ ቀረቡበት። ይግባኝ ለመጠየቅ አቅም እንዳልነበረውም ተናግሯል። ሰርቨሩ ፖላንድ ሆኖ ፖሊስ ኦስትሪያ ውስጥ ያለ ቤት መግባቱንም ልብ በሉ። ልጁን መልእክቱን አትሰርዝ፣ ከእንግዲህ ግን እንዲህ ያለ ቃል አትጻፍ አልኩት። ገብቶታል።

ዜግነቷ

እስካሁን የጻፍኩት የወንጀሉን ጎን ነው። ልጅቷን እንቅልፍ የነሳት ግን ሌላ ነው። የጀርመን ዜግነት አመልክታ ነበር። በአገሩ የዜግነት ሕግ አመልካቹ ላይ የወንጀል ምርመራ ከተከፈተ፣ ምርመራው እስኪያልቅ ውሳኔው ይቆማል። ጥፋተኛ መባል አያስፈልግም፣ መጠርጠር ብቻ ይበቃል። ዓመታት የጠበቀችው ፋይል በማታውቀው ሰው የዕቃ ትእዛዝ ቆመ።

ስለ ሪሌይ የሚጽፉ ሰዎች ይህን አይጽፉም። የሚጽፉት አብዛኛውን ጊዜ ስለ ዜጋው ነው፣ ቤቱ ስለሚበረበረው፣ ኮምፒዩተሩ ስለሚወሰደው። የእኛ ሰው ጉዳይ ይለያል። የእኛ ሰው ውጭ አገር በወረቀት ላይ ነው የሚኖረው። መኖሪያ ፈቃድ አለ፣ ቤተሰብ ማስመጣት አለ፣ ዜግነት አለ። ለሌላው ሰው የአንድ ደብዳቤ ድንጋጤ የሆነው ለእሷ የሕይወቷ እቅድ ነው። ስለዚህ ውጭ አገር ያለች እህትን ወይም ወንድምን “ካርድሽን አውሺኝ” ከማለት በፊት ምን እንደሚሠራበት ሙሉውን መንገር ግዴታ ነው። ፈቃድ ማለት የሚፈቅዱትን ነገር ማወቅ ነው።

ነገሩ መልካም አለቀ። ጠበቃው መዝገቡን አየ፣ የሰዓቱን ወረቀትና የኤግዞኔራቶሩን ውጤት ከወንድሟ ጽሑፍ ጋር አስገባ። የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግም ከጎኗ ነበር። እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ የሚሠራው ይህ ሕግ፣ መልእክት የሚያሳልፍ ብቻ የሆነ፣ መልእክቱን ራሱ ያልጀመረ፣ ተቀባዩን ያልመረጠ፣ ይዘቱንም ያልመረጠና ያልለወጠ አካል ላለፈው ነገር ተጠያቂ እንዳይሆን በአንቀጽ 4 ይከላከላል። ከወራት በኋላ ዐቃቤ ሕጉ በቂ ጥርጣሬ የለም ብሎ መዝገቡን ዘጋ። የዜግነት ፋይሏም እንደገና ተንቀሳቀሰ።

የጠበቃውን ሂሳብ ግን ማንም አልመለሰላትም። ምርመራው ገና ዐቃቤ ሕግ እጅ እያለ ሲዘጋ፣ በደንቡ ተጠርጣሪው የከፈለው የጠበቃ ወጪ አይመለስም። ወንድሟ በዩሮ ሊከፍላት አይችልም። እሷ በየወሩ ለእናታቸው መድኃኒት የምትልከውን ብር እሱ ተረከበ። እስካሁን እሱ ነው የሚገዛው።

ወደ ጅማ ይምጣ?

ጉዳዩ ከመዘጋቱ በፊት ልጁ አንድ ሐሳብ ይዞ መጣ። “እህቴን ከዚህ ላውጣት። መውጫውን እዚሁ ቤታችን ባለው መስመር ላይ አደርገዋለሁ። ኃላፊነቱ የእኔ ይሁን።” ሐሳቡ ከልቡ ነው። እኔ ግን አይሆንም አልኩት፣ ምክንያቱንም በዝርዝር ነገርኩት።

መጀመሪያ ሕጉ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ቶርን በስሙ አይጠራም፣ ሪሌይ ማቆምንም በግልጽ አይከለክልም። ነገር ግን “አገልግሎት ሰጪ” የሚለውን በሰፊው ይተረጉማል። በኮምፒዩተር ሥርዓት አማካይነት የመገናኛ አገልግሎት ለተጠቃሚ የሚሰጥን ሰው ሁሉ ያጠቃልላል። ቤቱ ሆኖ የሰው መልእክት የሚያሳልፍ ልጅ በዚህ ትርጉም ሊገባ ይችላል ብዬ አምናለሁ። ከገባ ደግሞ አንቀጽ 24 ይከተላል። የትራፊክ ዳታን፣ ማለትም ግንኙነቱ ከየት ወዴት፣ መቼ እንደተደረገ የሚያሳየውን መረጃ፣ ለአንድ ዓመት ማስቀመጥ ግዴታ ነው ይላል። ቶር ሪሌይ የሚሠራው ደግሞ ምንም ሳያስቀምጥ ነው። አስቀምጦ ቢሠራ ቶር መሆኑ ይቀራል። ስለዚህ ገና ምንም ወንጀል ሳያልፍበት፣ ሥራውን በትክክል በመሥራቱ ብቻ ከአዋጁ ጋር ይጋጫል።

አንቀጽ 16 ደግሞ አገልግሎት ሰጪ በሌላ ሰው ይዘት መቼ በወንጀል እንደሚጠየቅ ይናገራል። በቀጥታ ከተሳተፈ፣ ሕገ ወጥ መሆኑን አውቆ ዝም ካለ፣ ወይም ሥልጣን ያለው አካል ነግሮት እርምጃ ካልወሰደ ነው። የሚመለከተውም ከአንቀጽ 12 እስከ 14 ያሉትን ነው። ሕፃናትን የሚመለከት የብልግና ይዘት፣ የሰውን ነፃነትና ክብር የሚነካ ነገር፣ የሕዝብ ደኅንነት። የማጭበርበር ጉዳይ፣ እንደ እህቱ ያለው፣ በዚህ አንቀጽ ውስጥ የለም። የማያይ ሰው አያውቅም የሚለው ክርክር ጥሩ ክርክር ነው፣ ፍርድ ቤት ቆሜ ብከራከርበት ደስ ይለኛል። አንቀጽ 27 ግን ወንጀል ማለፉን ያወቀ አገልግሎት ሰጪ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። የመጀመሪያው ቅሬታ ኢሜይል ከደረሰው ቀን ጀምሮ “አላውቅም” ማለት እየጠበበ ይሄዳል።

ከሕጉ በላይ ያስፈራኝ ግን ከፍርድ በፊት ያለው ጊዜ ነው። ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 19 ላይ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ይነገረው፣ ዝም የማለት መብቱ ይጠበቅ ይላል። ጥሩ መብቶች ናቸው፣ ማንም ሪሌይ የሚያቆም ሰው በቃሉ ሊይዛቸው ይገባል። ከ48 ሰዓቱ በኋላ ግን የጊዜ ቀጠሮ አለ። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 59 አንድ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም፤ ቀጠሮው ግን ይደጋገማል። ቶር ምን እንደሆነ ለመርማሪም ለዳኛም እያስረዳን ቀጠሮ እንቆጥራለን።

ያ መደርደሪያስ? ብርበራ የሚመጣው ሱቁ ላይ ነው። ፖሊስ የቱ ላፕቶፕ የልጁ፣ የቱ የደንበኛ እንደሆነ በፕላስተር አይለይም። ሁሉም እንደ ማስረጃ ይወሰዳል። የተመራቂዋ ጥናት ይወሰዳል፣ የጸሐፊው ማሽን ይወሰዳል። ልጁ በነፃ ቢሰናበት እንኳ መርካቶ ውስጥ ከዚያ በኋላ ላፕቶፑን የሚሰጠው ሰው አይኖርም።

ይህ ፍርሃት ብቻ አይደለም፣ የሆነ ነገር ነው። በሞስኮ ዲሚትሪ ቦጋቶቭ የሚባል የ25 ዓመት የሒሳብ መምህር ከቤቱ መስመር ላይ የቶር መውጫ ነበረው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 መጨረሻ አንድ ሰው በአንድ ድረ ገጽ ላይ ሁከት የሚቀሰቅስ ጽሑፍ ለጠፈ። አይፒው የቦጋቶቭ ሆነ። በሚያዝያ መጀመሪያ ተያዘ። ጽሑፉ በተለጠፈበት ሰዓት ከባለቤቱ ጋር ከጂም ሲመለስ የሱቅ ካሜራ ቀርጾት ነበር። እሱ ታስሮ እያለ እንኳ በዚያው ስም መጻፉ ቀጠለ። ይህ ሁሉ ሆኖ ወደ ቤት ውስጥ እስር የተዛወረው በሐምሌ ነው፤ ክሱ የተነሳለት በግንቦት 2018 ነው። ከዓመት በላይ። በሲያትልም በመጋቢት 2016 ፖሊስ ከንጋቱ በ12 ሰዓት የአንድ ሪሌይ ባለቤት ቤት ገብቷል። ሰውዬው መውጫ ሪሌይ እንዳለው መርማሪው ያውቅ ነበር፣ የብርበራ ፈቃድ ሲጠይቅ ግን ለዳኛው አልጠቀሰውም። ምንም ሳይወስዱ ሄዱ፤ ያም ቢሆን ቤቱ ተበርብሯል።

ደግሞ አንድ ነገር ጠየቅኩት። “የቤታችሁ መስመር በማን ስም ነው?”

“በአባታችን።”

ሁለታችንም ዝም አልን። አባቱ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ከእህቱ ስም ሊያወጣው ያሰበውን ነገር በአባቱ ስም ሊያደርገው ነበር።

ቀድሞ ፖሊስን ማናገር

ልጁ አንድ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀኝ። “ቀድመን ሄደን ለፖሊስ ብናስረዳስ?” እኔ በመርህ ደረጃ የዚህ ደጋፊ ነኝ። በአሜሪካ ኒው ሃምፕሸር ግዛት ሌባነን ከተማ የሚገኘው የኪልተን ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2015 ሪሌይ አቁሞ ነበር። የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ለአካባቢው ፖሊስ ኢሜይል ላከ። ፖሊስና የከተማው ኃላፊዎች ከቤተ መጻሕፍቱ ጋር ተነጋገሩ፣ ሪሌዩም ለጊዜው ቆመ። መስከረም 15 ቀን ቦርዱ ተሰበሰበ፣ ነዋሪው መጥቶ ሐሳቡን ተናገረ፣ ሪሌዩ ተመልሶ ተከፈተ። እዚያ ሥራውን ያዳነው ተቋሙ በስሙ መቆሙና የከተማው ሰው ስለ ጉዳዩ ማወቁ ነው። በር የሰበረም፣ የታሰረም የለም።

አንድ ግለሰብ ጥገና ሱቅ ውስጥ ሆኖ ይህን ማድረግ አይችልም፤ ይህን ደፍሬ ነገርኩት። ተቋም ይፈልጋል። ግን ከዚህ የተረፈ አንድ ሥራ ሠራን። ቶር ምን እንደሆነ፣ ሪሌይ ምን እንደሚያይና እንደማያይ፣ አንድ አይፒ በአንድ ቀን ሪሌይ መሆኑ በምን እንደሚረጋገጥ የሚገልጽ አንድ ገጽ አዘጋጀን። መጀመሪያ በአማርኛ፣ ከዚያ በአፋን ኦሮሞ። ጅማ ላይ ጣቢያውም ፍርድ ቤቱም የሚሠራው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የቶር ማስረጃ መርማሪው ጠረጴዛ ላይ ቢደርስ የሚያነበው የለም። ትርጉሙን ያየልን አንድ የፍርድ ቤት ባልደረባ “ያላየውን ነገር ያሳልፋል የምትሉት ለምን እንደሆነ አልገባኝም” ብሎ ሁለት ጊዜ መለሰው። በሦስተኛው ገባው። ያ ገጽ አሁን ጥሩ ነው፣ ለሚፈልግ ሁሉ እሰጣለሁ።

አሁን ያለበት ሁኔታ እንዲህ ነው። የጀርመኑ ሰርቨር ውል ተቋርጧል፣ የእህቱ ስም ከምንም ነገር ላይ የለም። መውጫ ሪሌይ ለግለሰብ ሳይሆን ለማኅበር የሚመች ሥራ እንደሆነ ልጁም ተቀብሏል። ማኅበርም ቢሆን ከፖሊስ አያመልጥም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2018 በጀርመን የዚህ ዓይነት ማኅበር የቦርድ አባላት ቤቶች ተበርብረዋል። ነገር ግን ማኅበሩ ጠበቃ ነበረው፣ ተከራከረ፣ ፍርድ ቤቱም ብርበራው ሕገ ወጥ ነበር አለ። ብቻውን የቆመ ሰው እዚያ ድረስ መሄድ ይከብደዋል።

ልጁ ግን ሥራውን አልተወም፣ እንዲተወውም አልመከርኩትም። ስኖውፍሌክ የሚባለውን መረጠ። ቶር የታገደበት አገር ያለ ሰው ወደ ቶር እንዲገባ በሩን ብቻ ይከፍታል። ወደ ድረ ገጾች የሚወጣው መልእክት በሱ አይፒ አይወጣም፣ ስለዚህ እንደ እህቱ ያለ ደብዳቤ የሚመጣበት መንገድ ጠባብ ነው። የአዋጁ ጥያቄ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፣ ይህንንም ነግሬዋለሁ። አመዛዝኖ የወሰነው እሱ ነው።

ከመጀመሩ በፊት ግን ለአባቱ ሁሉንም ተናገረ። አባቱ ብዙ ጠየቁት። በመጨረሻ “መልካም ነው፣ ግን በእኔ ስም አይሁን” አሉት። መስመሩን ወደ ራሱ ስም ለማዛወር ማመልከቻ አስገብቷል። ዝውውሩ እስኪያልቅ ስኖውፍሌኩ አይከፈትም።